«ረጃጅሞቹን ያዝ»፦ በአንድ ታዳጊ የእግር ኳስ ቡድን የሰውነት ልኬትና የአካል ብቃት ጉዳይ

ጉዳዩ እንዴት ተነሳ

ከ14 ዓመት በታች ቡድን ነው። 24 ልጆች አሉ። ለሚቀጥለው ዓመት የሚያልፉት 18 ብቻ ናቸው፤ ስድስቱ ይሰናበታሉ። እኔ የቡድኑ የአካል ብቃት አሰልጣኝ ነበርኩ። ዋና አሰልጣኙ ዕድሜያቸውን ሜዳ ላይ የጨረሱ፣ ከወረቀት ይልቅ ዓይናቸውን የሚያምኑ ሰው ናቸው። የምርጫው ቀን ሲቃረብ ጠሩኝ።

«ቁመት፣ ክብደትና ፍጥነት ለካና በተራ ደርድርልኝ» አሉኝ። «ያው ረጃጅሞቹን ያዝ። ኳሱን እናስተምራቸዋለን። ቁመት ግን አይሰለጥንም።»

አነጋገራቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። በዚያ ዕድሜ ረጅምና ከባድ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ በትከሻ ግጭት ያሸንፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታየው ይህ ነው። እኔም ያኔ ብዙ አልተከራከርኩም። ሜትሬን፣ ሚዛኔንና የሩጫ ሰዓቴን ይዤ ወጣሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ልጆቹንም ሆነ ሰዎቹን በስም አልጠራም።

ቡድኑ

ሁሉም በአንድ ዓመት የተወለዱ ናቸው። መቁረጫው ጃንዋሪ 1 ነው። በለካንበት በኖቬምበር ወር ትልቁ 13 ዓመት ከ10 ወር፣ ትንሹ ደግሞ ገና 13 ሊሞላው ጥቂት ሳምንት የቀረው ነበር። አጭሩ 146 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 172። አብረው ሲሰለፉ የማያውቃቸው ሰው የአንደኛው ታናሽ ወንድም ሊጎበኘው የመጣ ይመስለዋል።

የልደት ወራቸውን ስደረድር አንድ ነገር ዓይኔን ሳበው። ከ24ቱ 15ቱ በዓመቱ የመጀመሪያ ስድስት ወራት የተወለዱ ናቸው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የተወለዱት ሁለት ብቻ። ጉዳዩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቹ በካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ ይህንኑ አሳይተዋል፤ በእግር ኳስም በብዙ አገር ተደጋግሞ ታይቷል። ስለዚህ ምርጫ ያልኩት ነገር ሜትሬን ሳላወጣ ገና ድሮ ተጀምሮ ነበር። ልጆቹ ወደ ቡድኑ ሲገቡ አንድ ጊዜ በልደት ወር ተጣርተዋል። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም፤ ግን ሆኗል።

የለካነው፣ የተሳሳትነውም

ከልኬት በኩል ቁመት፣ ክብደት፣ የተቀመጠ ቁመት እና የቆዳ ስር ስብ ወሰድን። የቆዳ ስር ስብ የሚለካው ቆዳውን ቆንጥጦ በሚይዝ መሣሪያ ነው። ከሦስት ቦታ ወሰድን፦ ከክንድ ኋላ፣ ከትከሻ አጥንት በታች እና ከባት። ልጆቹ መሣሪያውን «ቆንጣጤ» አሏት። ከብቃት በኩል የ30 ሜትር ሩጫ፣ ባሉበት ቆሞ ወደ ላይ መዝለል እና የዮዮ የተቆራረጠ ሩጫ ፈተና ነበሩ። ዮዮ ማለት 20 ሜትር ሄዶ መመለስ፣ ከዚያ 10 ሰከንድ ማረፍ፣ ድምፁ እየፈጠነ ሲመጣ እስኪያቅት መቀጠል ነው። ዴንማርካዊው የንስ ባንግስቦ ያወጣው ፈተና ነው።

የመጀመሪያው ዙር ልኬት ግማሹ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ግማሾቹን ልጆች ከልምምድ በኋላ ማታ ለካኋቸው፤ የቀሩትን በማግስቱ ጠዋት። የሰው ቁመት ከጠዋት እስከ ማታ አንድ አይደለም። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ቀኑን ሙሉ ክብደት ሲሸከሙ ይጨመቃሉ፤ ማታ ላይ ሰው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጥራል። ታዳጊ ልጅ በሦስት ወር የሚያድገው እዚያው አካባቢ ነው። እንዲህ ከለካሁ እድገትን ሳይሆን ሰዓትን ነው የለካሁት።

ሌላው ስህተት የሚያስቅ ነው። የተቀመጠ ቁመት ስንለካ ልጁ የሚቀመጥበትን ሳጥን ከፍታ መቀነስ ነበረብን። መዝጋቢው ለአምስት ልጆች ሳይቀንስ ጻፈ። በወረቀቱ ላይ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጦ የቀረ አምስት ተከላካዮች አገኘን።

ሁሉንም ደገምን። በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት፣ ባዶ እግር፣ በቀላል ቁምጣ። እያንዳንዱ ልኬት ሁለት ጊዜ ተወሰደ፤ ሁለቱ ከተራራቁ ሦስተኛ። ለካኙ አንድ ሰው ሆነ። በተለይ በቆዳ ስር ስብ ላይ ይህ ወሳኝ ነው፤ አንዱ የሚቆነጥጥበትና ሌላው የሚቆነጥጥበት ቦታ በአንድ ጣት ከተለያየ ቁጥሩም ይለያያል።

ቁጥሮቹ ምን አሉ

መጀመሪያ ላይ ዋና አሰልጣኙ ያሸነፉ መሰለ። ረጃጅሞቹ በ30 ሜትር ፈጠኑ። በቁመትና በፍጥነት መካከል ያለው ተዛምዶ፣ ማለትም ሁለቱ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳየው ቁጥር፣ 0.5 አካባቢ ወጣ። «ይኸው!» አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 0.5 ማለት ግማሽ ማለት አይደለም። 0.5 በራሱ ሲባዛ 0.25 ነው። ቁመት በልጆቹ መካከል ካለው የፍጥነት ልዩነት ሩቡን ብቻ ያብራራል። ሦስት አራተኛው ሌላ ቦታ ነው ያለው። 24 ልጅ ደግሞ ጥቂት ነው፤ ሁለት ልጆች ታመው ቢቀሩ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል።

ከሁሉ ቀጥ ያለ መልስ የሰጠው የቆዳ ስር ስብ ነው። የሦስቱ ቦታ ድምር ከፍ ያለባቸው ልጆች በዝላይም በዮዮም ወደ ታች ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጡንቻ ይሠራል፤ ስብ ግን ይጫናል እንጂ አይሮጥም። ልጁ በየዙሩ የማይሠራ ጭነት ይዞ ነው የሚመላለሰው።

በዮዮ ላይ ደግሞ የቁመት ጥቅም ጠፋ። ከአምስቱ አንደኞች ሁለቱ ከአጫጭሮቹ መካከል ነበሩ። ለረጅም ሩጫ የሚጠቅመው ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚደርሰው ኦክስጅን ነው፤ እዚያ ላይ ትልቅ አካል መያዝ ብቻውን ጥቅም አይሆንም።

ሁለቱ ልጆች

ጉዳዩን የለወጡት ሁለት ልጆች ናቸው። አንደኛው የመሐል ተከላካይ፣ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለደ፣ 172 ሴንቲ ሜትር፣ 62 ኪሎ። ድምፁ ጎርናና፣ ከንፈሩ ላይ ጢም ብቅ ያለበት። ሌላው አማካይ፣ በዓመቱ መጨረሻ የተወለደ፣ 146 ሴንቲ ሜትር፣ 38 ኪሎ። ይኼኛው በስንብት ዝርዝሩ ላይ ሁለተኛ ነበር።

በ30 ሜትር ትልቁ 4.72 ሰከንድ፣ ትንሹ 5.08። በዮዮ ትልቁ 760 ሜትር፣ ትንሹ 1080። በዝላይ ትልቁ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ትንሹ 36።

ዝላዩ ላይ ቆም አልኩ። የዝላይ ከፍታንና ክብደትን ወስዶ ጉልበትን በዋት የሚገምት የሴየርስ ቀመር የሚባል አለ። የዝላዩ ሴንቲ ሜትር በ60.7 ይባዛል፣ ክብደቱ በ45.3 ይባዛል፣ ይደመሩና 2055 ይቀነሳል። ለትልቁ 3060 ዋት ገደማ ወጣ፤ ለትንሹ 1852። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። በክብደታቸው ሳካፍለው ግን ትልቁ 49.4፣ ትንሹ 48.7 ሆኑ። ኪሎ ለኪሎ እኩል ናቸው። ቀመሩ የተሠራው በአዋቂዎች ላይ ስለሆነ ዋቱን እንዳለ አላምነውም። ለንጽጽር ግን ይበቃል።

ትልቁ የሚያሸንፈው የተሻለ ሞተር ስላለው አይደለም። ሞተሩ ትልቅ ስለሆነ ነው። ያ ትልቅነት ደግሞ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ የተቀመጠ ቁመት ጠቀመን። ልጅ በጉርምስና ሲመዘዝ መጀመሪያ የሚረዝመው እግሩ ነው፤ የላይኛው አካሉ ዘግይቶ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በሚርዋልድና ባልደረቦቹ የወጣ ቀመር ከዕድሜ፣ ከቁመት፣ ከተቀመጠ ቁመት፣ ከእግር ርዝመትና ከክብደት ተነስቶ ልጁ ከከፍተኛው የእድገት ወቅቱ ምን ያህል እንደራቀ ይገምታል። ወንዶች ወደዚያ ወቅት የሚደርሱት በአማካይ 14 ዓመት ገደማ ላይ ነው። አንዳንዱ ግን በ12፣ አንዳንዱ በ16። በዚያ ወቅት በዓመት 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር መጨመር የተለመደ ነው።

ትልቁ ወቅቱን ካለፈ ግማሽ ዓመት ሆኖታል። ትንሹ ገና 1 ዓመት ከ8 ወር ይቀረዋል። በልደት ወረቀት በመካከላቸው ያለው 10 ወር ነው። በአካል ግን ሁለት ዓመት ከሁለት ወር። ለካ ስናወዳድር የነበርነው አንድ ያለቀ ቤትና አንድ መሠረቱ የተጣለ ቤት ነው።

ወረቀቱን ለዋና አሰልጣኙ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ታዲያ ይህ ልጅ ይረዝማል ነው የምትለኝ?» አሉ። አይደለም። ምን ያህል እንደሚረዝም አላውቅም ነበር። የማውቀው ገና እንዳልጀመረ ብቻ ነው።

የሚያመው ክፍል፦ ቢኤምአይ

ይህ የኔ ጥፋት ነው። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልናገር። በመጀመሪያው ሳምንት የእያንዳንዱን ልጅ የክብደት ምጣኔ፣ ቢኤምአይ የሚባለውን፣ ሠራሁ። ክብደት በኪሎ፣ ሲካፈል ለቁመት በሜትር ሲባዛ በራሱ። ከዚያ ልጆቹን ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ግልጽነት መስሎኝ ነበር።

አንድ ተከላካይ፣ 165 ሴንቲ ሜትርና 67 ኪሎ፣ 24.6 ወጣለት። ለዕድሜው ከመጠን በላይ ከሚባለው ውስጥ ይገባል። ልጁ ግን ጡንቻ ነው። የቆዳ ስር ስቡ ከቡድኑ ዝቅተኞች አንዱ ነበር። በተቃራኒው 19.2 የወጣለት፣ «ጤናማ» የተባለ ቀጭን መሳይ ልጅ፣ የስቡ ድምር ከብዙዎቹ በላይ ነበር፤ በዝላይም ከመጨረሻዎቹ አንዱ። ቢኤምአይ ክብደቱ ከምን እንደተሠራ አያውቅም። ኬትሌ የተባለው ቤልጂጋዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሰበው ስለ ሕዝብ አማካይ እንጂ ስለ አንድ ተከላካይ አልነበረም። በልጆች ላይ ደግሞ እንደ አዋቂ 25 ላይ መስመር አስምሮ መተው አይሠራም፤ ከዕድሜና ከጾታ ሠንጠረዥ ጋር ነው የሚነበበው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የተከላካዩ እናት መጡ። ልጃቸው ቁርስ ትቷል፣ ማታም ሳህኑን ገፍቶ ይነሳል። ጓደኞቹ «ሃያ አራት» የሚል ስም አውጥተውለታል። በልምምድ ላይ ዝሎ ሳየው ሰነፈ ብዬ ነበር። «ልጄን በሚዛን ነው ወይስ በኳስ የምታስተምሩት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ምጣኔውን ከቡድኑ ሠንጠረዥ አወጣሁ። ምግቡን ለመመለስ ግን ወራት ፈጀ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ምግብ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጎዳው ስቡ ብቻ አይደለም።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

ስንብቱ አልተሰረዘም፤ የኔ ሥልጣን አይደለም። ዋና አሰልጣኙ ግን በአንድ ነገር ተስማሙ። ቁመትና ክብደት ከምርጫ መስፈርት ወጥተው መረጃ ብቻ እንዲሆኑ። ትንሹ አማካይ ቀረልን።

በየሦስት ወሩ መለካት ጀመርን። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ገጽ አለው፤ የሚወዳደረው ካለፈው ራሱ ጋር ነው። ልኬቱ በጨርቅ ተጋርዶ፣ አንድ በአንድ ይወሰዳል። ቁጥሩን ልጁና ወላጁ እንጂ ሌላ ልጅ አያየውም።

ከዚህ ያገኘነው ትልቁ ጥቅም ያልጠበቅነው ነው። አንድ የመስመር ተጫዋች በአንድ ሩብ ዓመት 4 ሴንቲ ሜትር ተመዘዘ። በዚያው ጊዜ ኳስ መቀበል አቃተው፣ ሲዞር ይደናቀፋል፣ የ30 ሜትር ፍጥነቱም ቀነሰ። ዋና አሰልጣኙ «ልቡ ከሜዳ ወጥቷል» ብለው ተጠባባቂ ሊያደርጉት ነበር። ገጹን ስንከፍት ነገሩ ሌላ ሆነ። እግሩ በድንገት ረዝሟል፤ ሰውነቱ አዲሱን እግር ገና አልለመደውም። ከጉልበቱ በታች ባለው አጥንት ላይ ደግሞ ሕመም ጀምሮት ነበር። ሐኪም ያየው ኦስጉድ ሽላተር መሆኑን ነገረን፤ በሚያድጉ ስፖርተኞች ላይ የሚታወቅ ችግር ነው። ዝላይና ድንገተኛ ማቆም ቀነስንለት። ከአራት ወር በኋላ ሰዓቱ ተመለሰ፣ እንዲያውም አለፈ። ልኬቱ ባይኖር ኖሮ ልጁ በስንፍና ተከሶ ነበር።

ሌላው እርምጃ በወር ሁለት ጊዜ በእድገት ደረጃ ተመድቦ መጫወት ነው። በእንግሊዝ የፕሪሚየር ሊግ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. ከ2015 ገደማ ጀምሮ የሞከሩት አሠራር ነው። ትልቁን ተከላካይ ከእሱ በዕድሜ ከሚበልጡ ጋር አሰለፍነው። የመጀመሪያው ቀን አሳዘነኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በትከሻው ነበር የሚከላከለው። ትከሻው የማይሠራበት ቦታ ሲገባ የት እንደሚቆም አያውቅም። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ግን ኳሱ ሳይመጣ አንገቱን ማዞር ጀመረ። ትንሹ ደግሞ ከአካሉ እኩዮች ጋር ሲሰለፍ ኳስ ጠየቀ፣ ጮኸ፣ አዘዘ። እንዲህ ድምፅ እንዳለው ማናችንም አናውቅም ነበር።

ያልሠራው

ወደ ታናናሾቹ የወረዱት ልጆች አኮረፉ። አንዱ ቤቱ ሄዶ «ተባረርኩ» ብሎ አለቀሰ። ምክንያቱን አስቀድመን ለወላጆች ባለማስረዳታችን ነው። ኋላ ላይ ምድቡ በየጨዋታው እንዲቀያየር አደረግን፤ ማንም ለዘለቄታው የታች ቡድን አልሆነም። ኩርፊያው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ቀመሩም ስቷል። ትንሹ በ14 ዓመት ከ8 ወሩ እንደሚመዘዝ ተገምቶ ነበር። የተመዘዘው ከ15 ዓመት በኋላ ነው፤ ግማሽ ዓመት ዘግይቶ። ይህ ቀመር በጣም ቀድመውና በጣም ዘግይተው በሚያድጉ ልጆች ላይ ወደ አማካዩ እንደሚጎትት ይታወቃል። ጉዳዩ ደግሞ በዋናነት የሚነካው እነሱን ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከተከታታይ የቁመት ልኬት ጋር እንጂ ብቻውን አላነበብኩትም።

የእጅ ሰዓትም ችግር ነበር። የጣቴ መዘግየት ብቻ ሁለት ልጆችን ሊያገላብጥ ይችላል። በ4.72 እና በ4.80 መካከል ያለውን ልዩነት እንደ እውነት ወስደን ልጅ ማሰናበታችን አሁን ሲታሰበኝ ያሳፍረኛል።

ለሌላ ቡድን የሚሻገረው

የልደት ወር ከቁመቱ አጠገብ ይጻፍ። ሌላ ምንም መሣሪያ ከሌለ ይህ ብቻ ብዙ ይናገራል፤ ወጪም የለውም።

አንድ ልኬት ፎቶ ነው፤ የሚጠቅመው ተከታታዩ ነው። አንድ ሜትር፣ አንድ ለካኝ፣ አንድ ሰዓት።

ጉልበት ሲለካ ለኪሎ ተካፍሎም ይታይ። ሁለቱም ቁጥር ያስፈልጋል። ሜዳ ላይ የሚገጨው ጠቅላላው ነው፤ ነገ የሚቀረው ግን ለኪሎ የተካፈለው ነው።

ስብን ማወቅ ከተፈለገ ስብ ይለካ። ክብደት ስለ ስብ ይናገራል ብሎ መገመት አይበቃም። ቁጥሩን በአደባባይ ማንበብ ደግሞ በፍጹም አይደረግ። ይህን በልጅ ዋጋ ነው የተማርኩት።

አካሉ ገና ያልደረሰ ልጅ ሲታይ ኳሱን፣ ውሳኔውንና ዮዮውን ማየት ይሻላል። እንግሊዛዊው አጥቂ ጄሚ ቫርዲ በ16 ዓመቱ አጭር ነህ ተብሎ ከአካዳሚ ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። እንዲህ ያለ ታሪክ ለእያንዳንዱ አጭር ልጅ ተስፋ አይሆንም። ብዙዎቹ አጫጭር ልጆች በችሎታም ላይደርሱ ይችላሉ። ያኔ ግን የሚሰናበቱት በችሎታቸው ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ

ሁለቱም አሁንም ይጫወታሉ፤ በተለያየ ቡድን። በቅርቡ አብረው ለልምምድ ሲገናኙ ለካኋቸው። ጠዋት፣ ባዶ እግር። ትልቁ 179 ሴንቲ ሜትር፣ 73 ኪሎ። ትንሹ 166፣ 55 ኪሎ፤ እድገቱም ገና አላበቃም። በ30 ሜትር ትልቁ 4.29፣ ትንሹ 4.31።

ዋና አሰልጣኙ ከጎኔ ቆመው ነበር። «ማን ቀደመ?» አሉኝ። የያዝኩት ያው የድሮው የእጅ ሰዓት ነበር። አላውቅም አልኳቸው።